የገጽ አርባ አንዱ ዓረፍተ ነገር

ጥቅምት 3

ለተከበሩ የመጽሐፉ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ። ጤናዎን እየተመኘሁ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

መጽሐፍዎ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኛ ዘንድ ምን እንደሚሠራ ጠይቀው የላኩት ማስታወሻ ደርሶኛል። የያዝኩት እኔ ነኝ። የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነኝ። እዚህ ቤት የሚታተም ነገር ሁሉ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ እያንዳንዱን ገጽ አንብቤ ከታች በቀኝ በኩል ካልፈረምኩ የማሽን ክፍሉ አይነካውም። ለጀማሪዎች ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አለው። መቶ አሥራ አንዱን ፈርሜያለሁ።

የቀረው ገጽ አርባ አንድ ነው። ቅጽሎችን ስለ ማወዳደር በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ሰባተኛው መልመጃ። ከላይ ባለው ሥዕል ሦስት ልጃገረዶች ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተሰልፈዋል። ተማሪው በየልጆቹ እግር ሥር "ደርቲ፣ ደርቲየር፣ ደርቲየስት" ብሎ እንዲጽፍ ይጠየቃል፤ የቆሸሸች፣ ይበልጥ የቆሸሸች፣ ከሁሉ የቆሸሸች ማለት ነው። ለምሳሌ እንዲሆንም "ሺ ኢዝ ዘ ደርቲየስት ገርል ኢን ዘ ክላስ" የሚል ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል።

ይህ መልመጃ እንዲቀየር እጠይቃለሁ። የፊደል ስህተት የለበትም፤ ነጥቡም ሰረዙም ቦታ ቦታው ላይ ነው። ቢሆንም አልፈርምበትም። ዛፍ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ድንጋይ አለ። ሲወዳደሩ የማያለቅሱ ነገሮች ሞልተዋል።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

አራሚዋ


ጥቅምት 11

ለማተሚያ ቤቱ አራሚ፣

ሰላምታዎ ደርሶኛል። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ከደብዳቤዎ ጋር በመለሱት ገጽ ጠርዝ ላይ "ይህ መልመጃ ከየት መጣ?" ብለው በእርሳስ ጽፈዋል። የመጣው ከሠላሳ ስምንት ዓመት ማስተማር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ መጽሐፉን የጻፍኩት በእነዚያ ስምንት ዓመታት ነው፣ የመስኮቷ መስታወት በተሰነጠቀ አንዲት ክፍል ውስጥ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ከኔ በኋላ የሚቀር ነገር ቢኖር ይህ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። እርስዎ ግን በአንዲት ገጽ ይዘውት ተቀምጠዋል።

ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ባያውቁ አይፈረድብዎትም፤ ላስረዳዎ። ልጆቹን አስነስቼ ሰሌዳው ፊት አሰልፋቸዋለሁ። ታል፣ ታለር፣ ታለስት። ረጅም፣ ይበልጥ ረጅም፣ ከሁሉ ረጅም። ልጅ በዓይኑ ያየውን አይረሳም። ከዚህ የተነሳ ተማሪዎቼ "ሜትር" የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። "ደርቲ" የሚለውን ቃል የመረጥኩት በ"ዋይ" ፊደል ስለሚያልቅ ነው። ሲወዳደር "ዋይ" ወድቃ "አይ" ትተካለች። ይህን ሕግ የሚያሳይ ቃል ያስፈልገኛል። ስድብ አይደለም፤ ቅጽል ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ የኔ እንኳ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ጎበዝ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሠራችው ነው።

ሦስት ትምህርት ቤቶች መጽሐፉን እየጠበቁ ነው፤ የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ከመጀመሩ በፊት ካልደረሰላቸው አይወስዱትም። የእርስዎ ሥራ ሰረዝና ነጥብ መጠበቅ ነው። የኔን ለኔ ይተዉልኝ። ገጹን ይፈርሙ።

የእንግሊዝኛ መምህር


ጥቅምት 19

ለእንግሊዝኛው መምህር፣

ሁለት ጊዜ ደውለው አራሚዋ ለምን አታናግረኝም ብለው እንደጠየቁ ስልክ የምታነሳው ልጅ ነግራኛለች። ድምፅዎን መስማት ስላልፈለግኩ ነው። በጽሑፍ ይሻለናል። በጽሑፍ ሲሆን ሰው ያለውን አላልኩም ማለት አይችልም።

"ሃፒ"ም በዋይ ያልቃል። ደስተኛ፣ ይበልጥ ደስተኛ፣ ከሁሉ ደስተኛ። ቆንጆ ማለት የሆነው "ፕሪቲ"ም በዋይ ያልቃል፣ ቀላል ማለት የሆነው "ኢዚ"ም በዋይ ያልቃል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሁሉ ዘለው ቆሻሻ ላይ ያረፉት ለሰዋስው ሲሉ ነው ማለት ነው።

ሜትር እንደሚባሉ አውቃለሁ። እኔም ብዬዎታለሁ። ስድስተኛ ክፍል ለ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል። በዚያ ቀን ሰሌዳው ፊት ሦስተኛ አድርገው ያቆሟት ልጅ እህቴ ናት።

ታላቄ ናት፤ በሁለት ዓመት። እናታችን ከገበያው ዳር ከሰል ትሸጥ ነበር። አባታችን ቶሎ ስለሞተ እህቴ እናቴን ስታግዝ ትምህርት ዘግይታ ገባች፤ እኔ ደረስኩባትና አንድ ክፍል ሆንን። ጠዋት ጠዋት ከሰሉን ከመጋዘን ወደ እናታችን መሸጫ ተሸክመን አድርሰን ነው ወደ ትምህርት ቤት የምንሮጠው። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እጃችንን ታጥበን እንገባለን። በዚያ ቀን ውሃ ጠፍቶ ነበር። ሌላ ጥፋት የላትም። ውሃ ጠፍቶ ነበር።

ክፍሉ ሲስቅ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ከሰሌዳው ፊት ቀጥ ብላ በሩን ከፍታ ወጣች። እርስዎ "ዝጊው" አሉ፣ በሩን። ዘጋችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ገብታ አታውቅም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ልጆቹ "ደርቲየስት" ማለት ቢረዝምባቸው "የስት" አሏት። የስት መጣች፣ የስት ሄደች። የሰፈሩ ሕፃናት ምን ማለት እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ በዚያ ስም ይጠሯት ነበር። እናቴም አንድ ቀን ገበያ ላይ "ልጄን የስት የምትሏት ምን ማለት ነው?" ብላ ሰው ጠይቃለች። የነገራት የለም።

አሁን ገጽ አርባ አንድን ለምን እንዳልፈረምኩ ገብቶዎት ይሆናል።

አራሚዋ


ጥቅምት 28

ለፈጣኗ ተማሪዬ፣

አንቺ ነሽ ለካ። ደብዳቤሽን ሳነብ ቁጣሽን እንኳ ረስቼ ደስ አለኝ። "ፈጣኗ" እልሽ ነበር፤ ጥያቄውን ሳልጨርስ ትመልሽ ስለነበር። አራሚ ሆንሽ። ከዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ሰው መውጣቱ ለኔም ደመወዝ ነው።

አዎ፣ ጡረታዬን የማሳልፈው እዚሁ ያስተማርኳችሁ ከተማ ነው፤ ለስልክ ልጅቷ የነገርኳት እውነት ነው። ትምህርት ቤቱም አለ፤ ጣሪያው ተቀይሯል፣ ቧንቧው ግን ያው ነው።

ስለ እህትሽ ግን አላስታውስም። ስንት ልጅ በፊቴ አልፏል። ልጆች ስም ማውጣት ይወዳሉ፤ እኔም ሜትር ተብያለሁ፣ ሥራዬን ጥዬ አልሄድኩም። ስንት ዓመት ያለፈን ነገር ዛሬ ቆፍሮ ማውጣት ለማንም አይጠቅምም። ይቅርታ ማለት ካስፈለገ፣ ይኸው ይቅርታ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው። ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ለሥራ አስኪያጃችሁ አቤቱታ ጽፌ ነበር። ማን እንደሆንሽ አላወቅኩም፤ ባውቅ ኖሮ አላደርገውም። አሁን ፈርሚውና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ። በመግቢያው ገጽ ላይ ስምሽን ጠርቼ አመሰግንሻለሁ።

መምህርሽ


ኅዳር 6

ለእንግሊዝኛው መምህር፣

"አንቺ" ያሉኝን ይመልሱልኝ። አንቺ የሚሉኝ እናቴ ነበረች፣ እህቴ ናት። እርስዎ ደግሞ አራሚዋን "እርስዎ" ሲሉ ቆይተው የከሰል ሻጯ ልጅ መሆኔን ሲያውቁ ነው "አንቺ" ያሉኝ።

አቤቱታዎ ሥራውን ሠርቷል። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ ነበር። በሩን አልዘጋም፤ ለኅትመት ፊደል የሚለቅሙት ልጆች እንዲሰሙ። "ደራሲ የጻፈውን ልታርሚ እንጂ ደራሲን ልታርሚ አልቀጠርንሽም" አለኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ቤት ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ እንደዚህ ያለ ወረቀት ቢደገም ከሥራ እሰናበታለሁ። ገጹ ግን አሁንም አልተፈረመም።

"ይቅርታ ማለት ካስፈለገ" ብለዋል። "ካስፈለገ" የሚለው ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። ሥራዬ ነው፤ የማያስፈልግ ቃል ሳይ እጄ አይታገስም።

"የት ነው ያለችው?" ብለው በፖስታው ጀርባ ለጻፉት፤ እዚያው እርስዎ ከተማ ናት። ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋበት አዳራሽ ውስጥ። ሃያ ስድስት ዓመት ሸራ ሰፍታለች። ከእርስዎ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ምናልባት መንገድ ላይ ተላልፋችኋል። አያውቋትም እንጂ እሷ ታውቅዎታለች።

ሰው ሲጨብጣት አስቀድማ መዳፏን ታያለች። ከሰል መሸከም ካቆመች ሃያ ስድስት ዓመት አለፋት፣ አሁንም መዳፏን ታያለች። ሴት ልጅ አለቻት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አምና ልጅቷ የቤት ሥራ ይዛ መጥታ "እማ፣ ታለርና ታለስት ምን ልዩነት አላቸው?" ስትላት እህቴ ተነስታ ከቤት ወጣች። ልጅቷ ምን አጠፋሁ ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ። በስልክ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ስለ ዛፍ እያልኩ።

እርስዎ አላስታውስም ይላሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ግን የሚገርመኝ መርሳትዎ አይደለም። ረስተውት እንኳ መጽሐፍ ላይ መጻፍዎ ነው። ልጅቷን ረሱ፣ ስድቡን አልረሱም።

ወደ እህቴ እንዳይሄዱ። አልፈቀድኩልዎትም።

አራሚዋ


ኅዳር 14

ለማተሚያ ቤቱ አራሚ፣

እንዳዘዙኝ "እርስዎ" ብያለሁ።

በስልክ ልጅቷ በኩል "በእውነት አያስታውሱም ወይስ አልፈለጉም?" ብለው አስጠይቀውኛል። ውሸታም መባልን አልወድም። ስለዚህ ሣጥኔን ከፈትኩ። የማስተማሪያ ደብተሮቼ ሁሉ አሉ፤ በየቀኑ ያስተማርኩትን፣ ያስነሳሁትን ልጅ፣ የተመለሰውን መልስ እጽፍ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አገኘሁት።

አሁን አስታወስኩ። እርስዎ የጻፉልኝ ግን ግማሹን ነው።

ሦስቱ ልጆች ከቆሙ በኋላ "ሁ ኢዝ ዘ ደርቲየስት?" ብዬ ጠየቅሁ። ማናት ከሁሉ የቆሸሸችው ማለቴ ነው። አርባ ስምንት ልጅ ጭጭ አለ። አንድም እጅ አልወጣም። ትምህርቱ አልገባቸውም ብዬ ቾኩን ላስቀምጥ ስል ከሁለተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ እጅ ወጣ። "ማይ ሲስተር ኢዝ ዘ ደርቲየስት ገርል ኢን ዘ ክላስ።" እህቴ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የቆሸሸች ናት። ከነሙሉ ሕጉ፣ አንድ ግድፈት ሳይኖርበት። ክፍሉ የሳቀው ያኔ ነው። እኔ ስጠይቅ አልሳቀም።

"ኤክሰለንት"፣ እጅግ በጣም ጥሩ፣ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ደብተሬም ላይ ከነሠሪዋ ስም ጻፍኩት። ስሙ የእርስዎ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ሳስገባው "ማይ ሲስተር" የሚለውን አውጥቼ "ሺ" ያደረግሁት አንዲት ልጅ ስለ እህቷ እንዲህ ስትል ማንበብ ለአንባቢ ይከብዳል ብዬ ነው። ለኔም ከብዶኝ ነበር፤ ማን እንዳለችው ረስቼ እንኳ።

እንግዲህ ይፍረዱ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተሸከሙትን የሚያወርዱበት ትከሻ ሲፈልጉ ኖረው ገጽ አርባ አንድ እጅዎ ገባ። ትከሻዬን አገኙት። ነገር ግን የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ሳይናገሩ ሌላውን ሁሉ መጻፍዎ የአራሚ ሥራ አይደለም። አራሚ መስመር አይዘልም።

የእንግሊዝኛ መምህር


ኅዳር 21

ለመምህሩ፣

እውነት ነው።

ሦስት ቀን ሌላ ነገር ልጽፍ ሞክሬ ቀደድኩት።

ሦስተኛዋን ልጅ ሲፈልጉ ጣትዎ ወደኛ ወንበር ጠቆመ። ጎን ለጎን ነበር የተቀመጥነው፤ እኔን ይሁን እሷን አልታወቀም። የኔም እጅ ከሰል ነበረው። ያነሰው ትንሹን ጆንያ ስለምሸከም ነው፤ ትልቁን አትነኪም ብላ የምትወስደው እሷ ነበረች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ተነሳች።

እርስዎ "ማናት?" ሲሉ ክፍሉ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ዓይንዎ እንደገና ወደ ወንበራችን መጣ፤ ወንበሩ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀኝ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ጠርጌ አወጣሁት። ግራው ከጠረጴዛው ሥር ነበር። እሷ ከተባለች እኔ አልባልም። በአሥራ አንድ ዓመት ጭንቅላቴ የገባኝ ይኸው ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኔ ግን አላመለጠኝም። አስቤ፣ ቃላቱን አሰልፌ፣ ሕጉን ጠብቄ ነው ያልኩት።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከእሷም ጋር አንስተነው አናውቅም። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ፣ አብረን እንበላለን፣ ስለ ልጅቷ እናወራለን፣ አዳራሹ ውስጥ ስላለው ሙቀት እናወራለን፣ እመለሳለሁ።

በዚህ ግን ዕዳዎ የተሰረዘ እንዳይመስልዎ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እርስዎ አርባ ሁለት። እኔ ለሠራሁት ነገር ስም አጥቼለት አላውቅም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በስሙ ስጠራው ኖሬያለሁ። "ኤክሰለንት" ያሉት እርስዎ ነዎት።

ገጹን አልፈረምኩም።

አራሚዋ


ታኅሣሥ 1

ለማተሚያ ቤቱ አራሚ፣

እንደምን ሰነበቱ። ይህን ሰላምታ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ሰላም ልል መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

እንዳልሄድ ከልክለውኝ ነበር። ሄድኩ። በዚህ እንደሚቆጡ አውቃለሁ።

አዳራሹ በር ላይ አንድ ሰውዬ "ማንን ፈለጉ?" አለኝ። ስሟን ነገርኩት፤ የጥንቱን ክፍል ስም ዝርዝር አውጥቼ አጥንቼው ነበር። በጣቱ አሳየኝ። ወደ ውስጥ ስገባ አረንጓዴ ሸራ ከጉልበቷ እስከ ወለሉ ተዘርግቶ ትሰፋ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ማን እንደሆንኩ እንዳወቀች ገባኝ፤ ፊቷ ላይ ያወቅኩት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መርገጫውን ረገጠች።

ልናገር ያሰብኩትን በወረቀት ጽፌ ነበር። ወረቀቱን ሳላወጣ ቆሜ ተናገርኩ። ማሽኑ አንድ ጊዜም አላቆመም። የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማም ነበር። ስጨርስም ቆሜ ቀረሁ። እሷ መስፋቷን ቀጠለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ሰውዬ መጥቶ "አባቴ፣ ሥራ ላይ ነች" አለኝ። ወጣሁ። ሰምታኝ እንደሁ አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሣጥኑ ውስጥ ሌሎቹንም ደብተሮች አወጣሁ። በየዓመቱ ያ ትምህርት አለ፤ በየዓመቱ ሦስተኛ የቆመ ልጅ አለ። ስማቸውን በተራ ጻፍኩ። ሠላሳ ስምንት ናቸው። "ዊከስት"፣ ከሁሉ ደካማ፣ ያልኩት አለ፣ "ሌዚየስት" ያልኩት አለ። ከመካከላቸው ዛሬ የት እንዳሉ የማውቀው አራቱን ነው። ሰነፍ ያልኩት አንደኛው በየሳምንቱ ጋዜጣ የሚሸጥልኝ ሰው ነው። ሁልጊዜ በአክብሮት ይቆምልኛል። እስካሁን የመሰለኝ አክብሮት ነው።

ሰባተኛውን መልመጃ ከነሥዕሉ ያውጡት። በምትኩ አዲስ ልኬያለሁ፤ ሦስት መንገዶች ናቸው። ቃሉ "ደስቲ" ነው፣ አቧራማ። በዋይ ያልቃል። መንገድ አቧራማ ቢባል አይከፋውም።

ለሥራ አስኪያጁም አቤቱታዬን እንዳነሳሁ ጽፌያለሁ። ማስጠንቀቂያው ከፋይልዎ እንዲወጣ ጠይቄያለሁ። ትምህርት ቤቶቹ አልጠበቁም፤ ሁለቱ ሌላ መጽሐፍ ወስደዋል። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። በስልክ ልጅቷ በኩል ስለ ጠየቁኝ ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህኛው ላይ የሚሰመርበት ቃል የለም።

መምህሩ


ታኅሣሥ 12

ለመምህሩ፣

ይህን የምጽፍልዎ እህቴ ቤት ሆኜ ነው፤ በልጅቷ የቤት ሥራ ጠረጴዛ ላይ።

ገጽ አርባ አንድን ከመምጣቴ በፊት ፈርሜ ለማሽን ክፍሉ ሰጥቻለሁ። መንገዶቹ ደህና ናቸው። "ደስቲየር" ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር፤ አስገብቻለሁ። ማስጠንቀቂያው ግን ከፋይሌ እንዲወጣ አልፈልግም ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። ደራሲን አርሜያለሁ፤ እውነት ነው፤ ይቀመጥ።

ሰምታኝ እንደሁ ይጠይቁልኝ ብለው ማክሰኞ በስልክ ልጅቷ በኩል ያሉት ደርሶኛል። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ።

አዳራሹ ሲዘጋ ደረስኩ። ማሽኗን ሸፍና ስትወጣ በር ላይ አገኘኋት። በሸራ የተላጠ ጣቷን እያየች "ሽማግሌው መጥቶ ነበር" አለችኝ።

"ሰማሽው?"

"አንድም አልቀረኝ። ማሽኑን ባቆመው ያለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ለቅሶ ማባበያ ጊዜ የለኝም። ሸራው ለነገ ነው የሚፈለገው።"

ይህን እንዳለችው ነው የጻፍኩልዎ። እኔ አለሰልሰውም።

ከዚያ መንገድ ላይ እያለን ነገርኳት። መጽሐፉን እንደያዝኩ፣ ለእርስዎ እንደጻፍኩ፣ የተባባልነውን። ቤት ስንደርስ ልጅቷን ወደ ጎረቤት ላከቻትና ቁጭ አለች።

"ያኔ ያልሽውን ንገሪኝ" አለች። "እንግሊዝኛውን አይደለም። በቋንቋችን።"

"አታውቂውም?"

"ከየት አውቀዋለሁ? ስለኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ያልሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ሳቁን ሰምቻለሁ። ቃሉን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሰውን እንዳልጠይቅ አፈርኩ።"

በእንግሊዝኛ ቀላል ነው። ቃሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ጭራ መቀጠል ነው፣ አለቀ። በቋንቋችን ቅጽሉ አይለወጥም፤ "ከሁሉ" ብሎ ሰውን ሁሉ አምጥቶ አጠገቧ መደርደር ያስፈልጋል። ዓይኗን እያየሁ "እህቴ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የቆሸሸች ናት" አልኳት።

"ከሁሉ" አለች። "ካንቺም?"

"ከኔም።"

ራሷን ነቀነቀች፤ ሒሳብ እንደተስተካከለለት ሰው። ከዚያ ነው የተቆጣችው። በሕይወቴ እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ቃል በቃል።

"በሳቁ የወጣሁ ይመስልሻል አይደል? ሳቅ ለምጄ ነበር። ገበያ ውስጥ ያደገች ልጅ ሳቅ አይገድላትም። በሩን የከፈትኩት አንቺም ተነስተሽ ትወጫለሽ ብዬ ነው። ፈርታ ነው ያለችው፣ ትጸጸታለች፣ ትከተለኛለች አልኩ። ከግቢው በር ውጭ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። አሁን ደብተሯን እየሰበሰበች ነው እላለሁ። አሁን ደረጃውን እየወረደች ነው እላለሁ። ዘበኛው ግቢ አለኝ፣ እህቴን እየጠበቅኩ ነው አልኩት። እስከ ደወል ቆምኩ።"

ከዚያ ተነስታ እራት ማቅረብ ጀመረች። ልጅቷ መጣች፣ በላን፣ ስለ ትምህርቷ አወራን።

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። ቀሎኝ እሄዳለሁ። ቁጣዋ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ገና ዛሬ የራሷ ሆኖላታል፤ ያንን ከእጇ አልቀማትም። እርስዎም ደግመው ወደ አዳራሹ እንዳይሄዱ። ይህን አሁን የምለው ተቆጥቼ ብቻ አይደለም። የሠላሳ ስምንቱን ዝርዝር ይዘዋል፤ ሌሎቹ ዘንድ ይሂዱ። ከጋዜጣ ሻጩ ይጀምሩ።

የዚያን ቀን ደብተርዎ ላይ ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ እኔ ስላለሁበት ላሟላልዎ። እሷ ከወጣች በኋላ ትምህርቱ ቀጥሏል። ሰሌዳው ላይ የነበረውን አጥፍተው "ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት" ብለው ጻፉ፤ ጥሩ፣ የተሻለ፣ ከሁሉ የተሻለ። እኔም ወደ በሩ አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ደወሉ ሲደወል ሌላ ዓረፍተ ነገር እየሠራሁ ነበር።

አራሚዋ